ደላላው «መርከብ ላይ አስቀጥርሻለሁ» ይለኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቦሌ አካባቢ በሚገኝ ባለ አራት ኮከብ ሆቴል ሃውስኪፒንግ ክፍል ውስጥ ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በቅርቡ የሰፈራችን ልጅ ያስተዋወቀኝ ሰው፣ ጥቂት ባለጸጎችን ብቻ ይዘው የሚጓዙ ትንንሽ የቅንጦት መርከቦች ላይ በዶላር የሚከፈል ሥራ እንዳለ ነገረኝና ለቪዛና ለ«ፕሮሰስ» 120,000 ብር ጠየቀኝ። ግማሹን እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሰጠሁት ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብሎኛል። እናቴ ዕቁቧን አውጥታ ልትሰጠኝ ተዘጋጅታለች። እንዲህ ያለ ሥራ በእውነት አለ? ካለስ ያለ ደላላ እንዴት ይመለከታል? ዋና አልችልም። እናቴም «ባሕር መሃል ብትታመሚ ማን ያነሣሻል?» እያለች ትጨነቃለች። ብ. ነኝ፣ ከኮዬ ፈጬ።

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእናትሽ ዕቁብ ከቤት አይውጣ። ለዚያ ሰው አንድ ብር አትስጪው። የፓስፖርትሽን ፎቶ በቴሌግራም ልከሽለት ከሆነም ከእንግዲህ ሌላ ሰነድ አትጨምሪለት።

ሥራው ግን አለ። እኔም ለዓመታት እንጀራዬን የበላሁት እንዲህ ባለች መርከብ ላይ የእንግዶችን ክፍል እያዘጋጀሁ ነው፤ ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ያለችው ቤቴ የተሠራችው በዚያ ደመወዝ ነው። ሰውየው ስለ መርከቦቹ አልዋሸሽም። የዋሸሽ ገንዘቡን ከአንቺ ሲጠይቅ ነው።

የባሕር ሠራተኞችን መብት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 አጽድቆት ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ስምምነት ውስጥ ካፒቴኑ ብቻ ሳይሆን አልጋ የምታነጥፈውም፣ ሳህን የሚያጥበውም መርከበኛ ተብሎ ይቆጠራል። መርከበኛን ሥራ ለማስያዝ ከመርከበኛው ክፍያ መቀበል ደግሞ ክልክል ነው። ከሥልጠናው በቀር (ወደ እርሱ እመጣለሁ) ከኪስሽ ቢወጣ የሚወጣው ለፓስፖርት፣ ለመርከበኛ ደብተር፣ ማለትም ለባሕር ሠራተኛነት መታወቂያ ሰነድ፣ እና ለጤና ምርመራ ሰርተፊኬት ነው። የቪዛው ወጪ የመርከቡ ባለቤት ነው።

ቪዛ ደግሞ ከቅጥር አይቀድምም። የአሜሪካን ወደብ የሚነካ መርከብ ላይ ለመሥራት ሲ-አንድ/ዲ የሚባለው የመርከበኞች ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለእርሱ ኤምባሲ የምትቀርቢው የቀጣሪሽን ደብዳቤ ይዘሽ ነው። የመርከቡን ስም፣ የኩባንያውን ስም፣ የሥራ መደቡን በጽሑፍ ሳይሰጥሽ «ቪዛውን እየጨረስኩልሽ ነው» የሚል ሰው የሚጨርሰው ያንቺን ብር ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ብሎ ማጣደፉም እንዳትጠይቂና እንዳታጣሪ ነው። በዚህ ጉዳይ ለስላሳ ቃል የለኝም። እዚሁ እኛ ዙሪያ፣ ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ መሬታቸውን ሸጠው ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ያስረከቡ ወላጆችን አውቃለሁ።

አሁን ወደ መርከቦቹ ልምጣ። ግዙፎቹ መርከቦች ከ7,000 በላይ እንግዳ የሚይዙ አሉባቸው። ትንንሾቹ ሌላ ዓለም ናቸው። ለምሳሌ ሲድሪም የተባለው ኩባንያ ሁለት መርከቦች ብቻ አሉት፤ እያንዳንዳቸው 112 እንግዳ ይዘው 95 ያህል ሠራተኛ ያሳፍራሉ። ለአንድ እንግዳ አንድ ሠራተኛ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ሲልቨርሲ፣ ሲቦርን፣ ዊንድስታርና የፈረንሳዩ ፖናንትም በዚሁ መስክ የታወቁ ናቸው፤ መርከቦቻቸው በመጠን ቢለያዩም።

የሠራተኛው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ የሚቀጥሩትም ጥቂት ነው፤ የሚጠብቁትም ብዙ ነው። እንግዳዋ ሁለት ትራስ እንደምትደርብ፣ ባለቤቷ ከአልጋው በየትኛው ጎን እንደሚተኛ፣ መነጽሩን የት እንደሚያኖር በመጀመሪያው ቀን አይተሽ ትይዣለሽ፤ በሁለተኛው ቀን ሳይጠይቁሽ ታደርጊዋለሽ። በስማቸው ትጠሪያቸዋለሽ። ጠዋት ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ታዘጋጂያለሽ፤ ማታ እራት ላይ ሳሉ ተመልሰሽ መጋረጃ ትዘጊያለሽ፣ አልጋ ትገልጫለሽ፣ ፎጣ ትቀይሪያለሽ። በሳምንት ሰባት ቀን ነው የሚሠራው፤ ኮንትራቱ ከአራት እስከ ስምንት ወር ሊሆን ይችላል። በስምምነቱ መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ሊሰጥሽ ይገባል። የምትተኚው ከሌላ ሠራተኛ ጋር፣ ብዙ ጊዜ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ነው። ምግብና መኝታ አይከፈልባቸውም። በቅንጦት መርከቦች ጉርሻው አስቀድሞ ከእንግዳው ትኬት ጋር የሚታሰብበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ የሚነገርሽ ደመወዝ ጉርሻን ይጨምር እንደሆነ ሳትጠይቂ አትፈርሚ።

ለማመልከት የምትሄጂበት ቦታ የኩባንያው የራሱ ድረ ገጽ ነው። የሥራ ማስታወቂያቸውን እዚያ ያወጣሉ፤ በየአገሩ ሠራተኛ የሚመለምሉላቸውን ወኪሎች ስምም ብዙዎቹ እዚያው ይዘረዝራሉ። አንድ ኤጀንሲ «የእነርሱ ወኪል ነኝ» ካለሽ ስሙን በኩባንያው ገጽ ላይ ፈልጊ፤ ከዚያም ለኩባንያው ራሱ ጽፈሽ ጠይቂ። እዚህ ቢሮ ከፍቶ ለውጭ አገር ሥራ የሚመለምል ከሆነ ደግሞ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ወቅቱንም አስቢበት። ብዙዎቹ መርከቦች በአውሮፓ በጋ ሜዲትራንያን፣ በአውሮፓ ክረምት ካሪቢያን ናቸውና ከጥር እስከ መጋቢት፣ እንደገናም ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም ማመልከት ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ አብዛኞቹ የኛ ልጆች ስለሚወድቁበት ነገር፣ ስለ ወረቀቱ። ሆቴሎቻችን የሚሰጡት የሥራ ልምድ ደብዳቤ «በክፍል ጽዳት ሠራተኝነት ተመድበው በታማኝነትና በትጋት ሲያገለግሉ ቆይተዋል» ይልና ማኅተም ይመታበታል። ይህ ለመርከብ ቀጣሪ ምንም አይነግረውም። በሲቪሽ ላይ ሆቴሉ ስንት ክፍል እንዳለው፣ አንቺ በአንድ ፈረቃ ስንት ክፍል እንደምታዘጋጂ፣ ከእነርሱ ስንቱ ስዊት እንደሆነ ጻፊ። ሆቴላችሁ ኦፔራ ወይም ሌላ የሆቴል የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጠቀም ከሆነና አንቺም የምትነኪው ከሆነ ስሙን ጥቀሺ። በጽዳት ኬሚካል አያያዝ ሠልጥነሽ እንደሆነ፣ አዲስ ገቢዎችን የምታለማምጂው አንቺ እንደሆንሽ፣ እንግዳ ስምሽን ጠርቶ አመስግኖ የጻፈው ካለ አስገቢው። «ታታሪና ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ» የሚለውን ሁሉም ስለሚጽፈው ተዪው። ከሁለት ገጽ አይለፍ። የሆቴል ኃላፊሽ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ፣ ከነቁጥሩ እንድትጽፍልሽ በትሕትና ጠይቂያት፤ ብዙ ኃላፊዎች ረቂቁን አዘጋጅተሽ ካቀረብሽላቸው ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ።

ቀንና ስምሽን ደግሞ እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂ። ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ በእነርሱ ከሆነ ሰነዶችሽ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። ሰው በችኮላ ዓመቱ ላይ 8 ወይም 7 ደምሮ ይገላገላል፤ ነገር ግን ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1997 ስትሆን፣ ከአንድ ወር በኋላ ጥር 20 የተወለደችው ጃንዋሪ 28 ቀን 1998 ነች። በወር ብቻ የሚበላለጡ ልጆች በፈረንጅ ዓመት ይለያያሉ። ስሙም እንዲሁ። ፓስፖርትሽ ላይ የአባትሽና የአያትሽ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ እይና በሲቪው፣ በሰርተፊኬቱ፣ በጤና ምርመራው፣ በክትባት ካርዱ ሁሉ ፊደል ሳይዛነፍ እርሱን ድገሚ። አንድ ተነባቢ ጠብቆ በአንዱ ሁለት ጊዜ፣ በሌላው አንድ ጊዜ ተጽፎ ቲኬት የተበላሸባቸው ልጆች አጋጥመውኛል።

ማመልከቻሽን ከወደዱት በቪዲዮ ያነጋግሩሻል። ብዙ ቀጣሪዎች ማርሊንስ የሚባል የእንግሊዝኛ ፈተናም ይሰጣሉ። ሰዓቱን ተጠንቀቂ፤ ለምሳሌ ከአውሮፓዋ ሞናኮ «ጠዋት በ10 ሰዓት» ቢሉሽ በእነርሱ ክረምት በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፣ በበጋቸው ደግሞ 5 ሰዓት። ኮዬ መብራትና ኔትወርክ እንዳሻው ስለሆነ የዚያን ቀን ከቤት አትሁኚ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ያለውን ዘመድ ቀድመሽ ለምኚ።

ከሚጠይቁሽ አንዱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሌሊት ቢያስመልስሽና ተቅማጥ ቢይዝሽ ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ?» የኛ ልጆች ጎበዝ ለመባል «ችዬ እሠራለሁ» ይላሉ። መርከብ ላይ ግን ይህ የሚያስባርር መልስ ነው። ሆድን የሚያናውጠው ኖሮቫይረስ በጠባብ ቦታ እንደ እሳት ይዛመታል፤ ስለዚህ ወዲያው ለመርከቡ ሐኪም ማሳወቅ ግዴታ ነው። አሜሪካ በሚደርሱ መርከቦች ላይ ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ሕመሙ ከቆመለት በኋላ እንኳን ቢያንስ 48 ሰዓት ተለይቶ ይቆያል። የዚያ አገር የጤና ተቆጣጣሪዎች መርከቡን ከ100 ነጥብ አውጥተው ይመዝኑታል፤ 85 እና ከዚያ በታች ያመጣ ወድቋል። የክፍል አዘጋጅ ጨርቅና ባልዲ ሳይቀር እዚያ ነጥብ ውስጥ አለበት። ይህን ማወቅሽን በመልስሽ ካሳየሽ ጆሮአቸውን ይሰጡሻል።

ዋና ባለመቻልሽ ተስፋ አትቁረጪ። በመሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠና ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ ከከፍታ ወደ ውኃ መዝለል፣ የተገለበጠ በአየር የሚነፋ የነፍስ አድን ታንኳ ማቃናት፣ እሳት ማጥፋትና የመጀመሪያ ዕርዳታ አለ። ጃኬቱ ይዞ ያንሳፍፍሻል፤ የሚያሸንፍሽ ፍርሃቱ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ መዋኛ ገብተሽ ፊትሽን ውኃ ውስጥ መንከርን ተለማመጂ። ለሥልጠናው ግን ቀጣሪሽ የትኛውን ሰርተፊኬት እንደሚቀበል ሳትጠይቂ አትክፈይ፤ እዚህ አገር ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ስለሆነ የማሠልጠኛውን ዕውቅናም እዚያ አረጋግጪ። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ያለው የማሪታይም አካዳሚም ለኮዬ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቅዳሜ ሄደሽ ምን እንደሚሰጡ ጠይቂ።

ይህ ሥልጠና ለወጉ አይደለም። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የመርከብ ጥሩምባ ሲሰማ አልጋ ማንጠፉ ይቆማል። እንግዶችሽ ጃኬታቸውን ይዘው ወደ መሰብሰቢያቸው ይወጣሉ፤ አንቺ ኮሪደሩ ላይ በር በበር እያንኳኳሽ፣ መታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር እያየሽ ሰው አለመቅረቱን ታረጋግጫለሽ። ጆሮው የከበደ ሽማግሌ እንቅልፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ልምምድ ነው ብለሽ አንዱን በር አትዝለዪ።

እናትሽን በሚመለከት ይህን ንገሪያት። 100 እና ከዚያ በላይ ሰው ይዞ ከሦስት ቀን በላይ በዓለም አቀፍ መስመር የሚጓዝ መርከብ ሐኪም ሊኖረው ግዴታ ነው። ሥራ ላይ ሳለሽ ብትታመሚ ሕክምናሽ በመርከቡ ባለቤት ወጪ ነው፤ ወደ አገርሽ መመለሻሽም እንዲሁ። የሕክምናው ኃላፊነት በሕግ ቢገደብ እንኳን ከ16 ሳምንት ሊያንስ አይችልም። ኮንትራቱ በእጅሽ ሲገባ ከመፈረምሽ በፊት አንብበሽ ሰው የማማከር መብት አለሽ፤ ቁጭ ብለሽ ለእናትሽ በአማርኛ አንብቢላት። ደመወዙን፣ የሚቆየውን ጊዜ፣ የዕረፍቱን ሰዓት፣ የሕክምናውንና የመመለሻ ትኬቱን አንቀጽ አንድ በአንድ አሳያት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ወይም ያልገባችሁ ካለ ለመጽሔቱ ቢሮ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።