ምግብ፣ ወሬና ግድያ፦ ከየትኛው ልጀምር ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ምግብ የሞላባቸው፣ ደም የማይረጭባቸው፣ ፖሊስ ያልሆነች ሴት ገዳይ የምታድንባቸው እነዚያ «ኮዚ ሚስትሪ» የሚባሉ የእንግሊዝኛ ልብወለዶች ከየትኛው ይጀመራሉ ነው ያልሽው። ከኋላ የሚለጠፈው የምግብ አሰራር እውነት ይሰራል ወይ፣ በቅደም ተከተል ማንበብ ግድ ነው ወይ፣ የ14 ዓመት ልጄስ አብራኝ ብታነብ ብለሻል። ከጥያቄሽ ስር አንዱ አስተያየት ሰጪ «ሁሉም አንድ ናቸው፣ አንዱን ካነበብሽ ሁሉንም አነበብሽ» ብሎሻል። አትስሚው። ስለ መጥፎዎቹ ከሆነ ልክ ነው፣ ስለ ጥሩዎቹ ግን አይደለም።

እኔ የምሰራው ምግብ ላይ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር ምግብ ከሚያቀርቡ ሰዎች ጋር ነኝ። እነዚህን መጻሕፍት ለዓመታት ከላይብረሪ እየተዋስኩ አንብቤያለሁ፣ እጄ ሊጥ ሲሆን ደግሞ በኦዲዮ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አመራረጤ የራሴ ነው። ማን ሞተ፣ በምን ሞተ የሚለው ብዙም አያስጨንቀኝም። የማየው አንድ ነገር ነው። ሴትየዋ የምግብ ስራ ባይኖራት ኖሮ ገዳዩን ታገኘው ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ምግቡ የገባው ሽፋኑን ለማሳመር ነው። መጽሐፉን መልሺው።

ለምን መሰለሽ። ምግብ ይዞ የመጣ ሰው የማይገባበት ቤት የለም። ትሪ ይዘሽ ስታልፊ ማንም ወሬውን አያቋርጥም። ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ፣ ማን ቀሪ ሂሳብ ለመክፈል እንደተቸገረ፣ የትኛዋ አማት ሙሽራዋን እንዳልወደደቻት፣ ወጥ ቤት ያለነው ከቤተዘመዱ ቀድመን ነው የምናውቀው። ፖሊስ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ግን ሁሉም «እኔ ምንም አላየሁም» ነው። ሌላም አለ። ያንቺን ምግብ በልቶ ሰው ወደቀ ከተባለ ነጻ እስክትወጪ ድረስ እንጀራሽ ተዘጋ። በማግስቱ ማን ያዝሻል? ሌላ ዓይነት ልብወለድ ስታነቢ «ይቺ ሴትዮ ምን አገባት፣ ለምን ለፖሊስ አትተወውም?» ትያለሽ። እዚህ ግን ያገባታል። ኪራይ አለባት፣ ዕዳ አለባት፣ ልጅ ታሳድጋለች።

ይሄን በደንብ የተረዳችው ዳያን ሞት ዴቪድሰን ናት (የመሀል ስሟ እውነትም ሞት ነው፣ እኔ አልጨመርኩም)። ከሷ በፊት ቨርጂኒያ ሪች እ.ኤ.አ. በ1982 በምግብ ማብሰያ ትምህርት ቤት ዙሪያ የተፈጸመ ግድያ ጽፋ መንገዱን ጀምራዋለች። እኔ ግን ከዴቪድሰን ጀምሪ ነው የምለው። የመጀመሪያው መጽሐፍ «ኬተሪንግ ቱ ኖባዲ» ይባላል፣ በ1990 ነው የወጣው። ዋና ገጸ ባህሪዋ ጎልዲ ኮሎራዶ ተራራ ላይ አስፐን ሜዶ በምትባል የፈጠራ ከተማ ትኖራለች። ሀኪም ባሏ ይደበድባት ነበር። ፈታችው፣ ልጇን ይዛ በኬተሪንግ ራሷን ቻለች። መጽሐፉ የሚነሳው ከለቅሶ ነው። የልጇ አስተማሪ የነበረች ሴት ሞታ፣ ከቀብር ለሚመለሰው ሰው ጎልዲ ምግብ ታቀርባለች። እዚያው መሀል የቀድሞ ባሏ አባት ተመርዞ ይወድቃል። ስራዋ ይዘጋባታል። ለቅሶ ቤት ምግብ አቅርቦ የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲያነብ ላብ ነው የሚያጠምቀው።

እኔ ከሁሉ በላይ የምወድላት ግን ማርላን ነው። ማርላ የጎልዲ የልብ ጓደኛ ናት፣ የዚያው ሀኪም ሌላዋ ፈት ሚስትም ናት። ሁለቱ ቁጭ ብለው ሰውየውን ሲያሙት መጽሐፉን ዘግተሽ ነው የምትስቂው። የሳቁ ስር ግን ዱላ አለ፣ ጸሐፊዋም አትደብቀውም። ኮዚ የሚባለው ነገር ሁሉ ቀላል ጨዋታ ነው ለሚል ሰው የምሰጠው እሱን ነው።

ቀጥሎ አንቺም ፊልሞቹን አይቻለሁ ያልሻት ሃና ስዌንሰን። የጆአን ፍሉክ ናት። በሚኒሶታ ሌክ ኤደን የምትባል የፈጠራ ከተማ ውስጥ ኩኪስ ቤት አላት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2000 ወጣ፣ ሆልማርክ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከ2015 ጀምሮ በፊልም እየሰራት ነው። ወተት የሚያመላልሰው ሰው ከኩኪስ ቤቷ ጀርባ መኪናው ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። የእህቷ ባል ፖሊስ ነው፣ እና ራሱ ነው እርዳታዋን የሚጠይቃት። ሰው ኩኪስ እየበላ ለሃና የሚያወራውን ለዩኒፎርም አያወራም። ይሄ የምልሽ ነው። እናቷ ደግሞ ልጄ መቼ ነው የምታገባው እያለች እረፍት የላትም፣ ቤታችን ያለ ነው የሚመስልሽ። ችግሩ ተከታታዩ ሲረዝም ነው። አንድ ፖሊስና አንድ የጥርስ ሀኪም አሉ፣ ሃናም ለስንትና ስንት መጽሐፍ መሀላቸው ቆማ ትቀራለች። የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች አንብቢ። ከዚያ በኋላ ከተሰላቸሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ምግብ መስራት የማትችል መርማሪ ከፈለግሽ አጋታ ሬዚን አለችልሽ። ኤም ሲ ቢተን በ1992 የጀመረቻት ናት። ለንደን ውስጥ የማስታወቂያና የህዝብ ግንኙነት ስራዋን ሸጣ ኮትስወልድስ የሚባለው የገጠር አካባቢ ትገባለች። ጎረቤት እንዲቀበላት የመንደሩ የኪሽ ውድድር ላይ ትወዳደራለች። ኪሽ በእንቁላልና በክሬም የሚሞላ ጨው ጨው የሚል ፓይ ነው። እሷ ግን ማይክሮዌቭ ከመጫን ውጪ አታውቅም። ለንደን ሄዳ ገዝታ የራሷ አስመስላ ታቀርበዋለች። ዳኛው የተረፈውን ቤቱ ወስዶ ይበላና ይሞታል። አሁን ነጻ ለመውጣት «እኔ አልሰራሁትም» ማለት አለባት፣ በመንደሩ ፊት። ከሞቱ ይልቅ የሷ ውርደት ነው የሚያስቀው። አጋታ ክፉ ነገር ናት፣ ኩሩ፣ ቁጡ፣ ሲጋራ የማይለያት። እኔ ወድጃታለሁ። ደግ ደጉን ብቻ የምትፈልጊ ከሆነ ግን ላትስማሙ ትችላላችሁ።

ስለ ቡና አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። ክሊዮ ኮይል በሚል የብዕር ስም ባልና ሚስት አብረው የሚጽፉት ነው። ከ2003 ጀምሮ እየወጣ ነው። ክሌር ኮዚ ኒውዮርክ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ያረጀ የታወቀ ቡና ቤት ታስተዳድራለች። የቡና ቤቱ ባለቤት የቀድሞ አማቷ ናት፣ የቀድሞ ባሏ ደግሞ ዓለም እየዞረ ጥሬ ቡና ይገዛል። ስለ አቆላሉ፣ ስለ አፈላሉ የሚጻፈው ብዙ ነው። እኛ ሀበሾች ስናነበው ፊታችንን ማጨማደዳችን አይቀርም፣ ምክንያቱም ማሽንና ሰዓት ነው ሁሉ ነገሩ። ቢሆንም ቡና የሚጠጣበት ቦታ የሰፈር ወሬ ሁሉ መናኸሪያ እንደሆነ ለኛ ማንም ማስረዳት የለበትም። ሶስተኛው ጀበና ላይ ያልወጣ ምስጢር አለ እንዴ? በአማርኛ አንድ ሰው ይሄን ቢጽፍልን እያልኩ ነው የማነበው። ሻይ የሚሻልሽ ከሆነ የሎራ ቻይልድስ ተከታታይ አለ፣ ቻርልስተን ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት ያላት ሴት ናት። ሲያነቡት ደስ ይላል፣ እኔን ግን ከብርጭቆውና ከጠረጴዛ ልብሱ ውጪ ብዙ ነገር አልቀረኝም።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ብቻ ነው የማነበው፣ ጊዜ የለኝም ካልሽ «አርሰኒክ ኤንድ አዶቦ»ን ውሰጂ። አርሰኒክ መርዝ ነው፣ አዶቦ ደግሞ በኮምጣጤ የሚበስል የፊሊፒንስ የስጋ ወጥ። ሚያ ማናንሳላ ናት የጻፈችው፣ በ2021 ወጣ። ላይላ የምትባል የፊሊፒንስ ተወላጅ አሜሪካዊት ከቺካጎ ወደ ትንሿ ከተማዋ ትመለሳለች። የአክስቷ ምግብ ቤት ሊዘጋ ደርሷል። የቀድሞ ፍቅረኛዋ የምግብ ሀያሲ ሆኗል፣ በየጊዜው እየመጣ ምግቡን ያጥላላል። አንድ ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይወድቅና ይሞታል። ፖሊስ ላይላን ይጠረጥራል፣ ምግብ ቤቱ ይዘጋል። አያቷ ሁሉ ነገር ላይ አቃቂር ታወጣለች፣ አክስቷ ግን ችግርን ሁሉ በማብላት ነው የምታስታግሰው። ሶስት የክርስትና እናቶች አሏት፣ ሐሜታቸው ከፖሊስ ሬዲዮ ይፈጥናል። እኔ ሳነበው እዚህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ምግብ ቤቶቻችን ናቸው የታዩኝ። የስደተኛ ቤተሰብ ምግብ ቤት ሲዘጋ የሚዘጋው ንግድ ብቻ አይደለም፣ ቅዳሜ ማታ የሚሰበሰብበት ቤት ነው። ይሄ መጽሐፍ ያንን ያውቃል።

ከአሜሪካ ለመውጣት ከፈለግሽ ሁለት ልጠቁምሽ። ኦቪዲያ ዩ ሲንጋፖር ውስጥ አንቲ ሊ የምትባል ባለሀብት ባልቴት ፈጥራለች፣ በ2013። ካፌ አላት፣ ሰውን እያበላች የማትጠይቀው ነገር የለም። አብራት የምትሰራው ኒና ከፊሊፒንስ የመጣች የቤት ሰራተኛ ናት። አረብ ሀገር ሰው ቤት የሰራች እህት ያለችው ሰው ኒናን በሌላ ዓይን ነው የሚያነባት፣ ሁሉን እያየች ዝም የምትለው እሷ ናትና። ሌላዋ የሳሊ አንድሩ ታኒ ማሪያ ናት፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ካሩ በሚባለው ደረቅ ምድር። ለአካባቢው ጋዜጣ የምግብ አሰራር ትጽፋለች። ከዚያ የፍቅር ምክር ስጪ ትባላለች፣ እሷም ለሚጽፍላት ሁሉ ምክሩን ከምግብ ጋር አድርጋ ትመልሳለች። ደብዳቤ ከሚጽፉላት አንዷ በባሏ የምትሰቃይ ሴት ናት፣ ትገደላለች። ያዝናል፣ ያስርባል።

ስለ አሰራሮቹ። ብዙዎቹ ይሰራሉ፣ የፍሉክ በተለይ። የሃና የቸኮሌት ኩኪስ ውስጥ የተፈጨ ኮርን ፍሌክስ ይገባል፣ እሱ ነው ሲበሉት ቅርሽም ቅርሽም የሚያደርገው። ስኳሩ ግን ለኛ አፍ ይበዛል፣ ቀንሺው። በጾም ለመስራት ቅቤውን ወተት በሌለበት ማርጋሪን፣ እንቁላሉን በተበጠበጠ ተልባ ተኪ። ትንሽ ይንጣለላል፣ ጣዕሙ ግን አይከፋም። ልኩ በአሜሪካ ኩባያ ስለሆነ በቤት ስኒ አትለኪ። የማናንሳላን አዶቦ ስትሰሪ ደግሞ ኮምጣጤውን አትፍሪ፣ የሚበላው ከሩዝ ጋር ነው።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ግድያው በየመጽሐፉ ያልቃል፣ ትዳሩና ጠቡ ግን አያልቅም። ጎልዲን ከመሀል ከጀመርሽ አዲስ ባል አግብታ ታገኛታለሽና ግማሹ ጣዕም ጠፋ። ስለዚህ ከአንድ ጀምሪ።

ደካማ ጎናቸውንም ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትታዘቢኝ። ሁሉም በሚተዋወቅባት ከተማ ስንት ሰው ይሞታል! ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ጀግናዋ ገዳዩ ጋ ለብቻዋ ትሄዳለች፣ ስልኳም ያን ጊዜ ነው የሚዘጋው። ይሄን ይቅር ማለት ካልቻልሽ ይሄ ዓይነት መጽሐፍ ያንቺ አይደለም።

ልጅሽን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ለ14 ዓመት ልጅ አያስቸግሩም። ግድያው ብዙውን ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፣ የፍቅሩም ነገር በር ሲዘጋ ያቆማል። የላይላን ስጫት፣ ሁለት ባህል መሀል ያደገች ልጅ ስለሆነች ቶሎ ትገባላታለች። ጎልዲንና ታኒ ማሪያን ግን የቤት ውስጥ ጥቃት ስላለባቸው መጀመሪያ አንቺ አንብቢያቸው፣ ከዚያ አብራችሁ ብታወሩበት ይሻላል። አጋታን ደግሞ ትንሽ ከፍ እስክትል አቆዪላት፣ አፏ አይጣል ነው።