ፒክአፑን ከፍ ከማድረግዎ በፊት

ጥያቄ፦ ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ያለው ፎር ዊል ፒክአፕ አለኝ። ሞተሩ ደህና ነው። ቤቴ ሆኜ ራሴ አድሼው፣ በባሌስትራ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ የነበረውን ባለ 29 ኢንች ጎማ በ33 ልለውጥለት አስቤያለሁ። ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ ጥቂት ዝገት ይታየኛል፤ እሱን መጨረሻ ላይ ቀለም እቀባዋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጨረሻ ላይ ሊያደርጉት ካሰቡት ይጀምሩ። የሻንሲ ዝገት ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከውስጥ ነው፤ ጭቃ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ እርጥበቱን ሲያቆየው፣ ብረቱ ከላይ ቀለሙን እንደለበሰ ከውስጥ ይበላል። ስለዚህ ጭቃውን በሚገባ ካጠቡ በኋላ ትንሽ መዶሻ ይዘው፣ በተለይም የባሌስትራው ማንጠልጠያ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዳመጡ መታ መታ ያድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን የታፈነ ድምፅ እያሰማ ቅርፊቱን ያራግፋል። እንዲህ ያለውን ቦታ ቀለም መቀባት ጉድጓድ ላይ ምንጣፍ እንደ ማንጠፍ ነው። የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ፣ ውፍረቱ ከሻንሲው የማያንስ ብረት ሊበየድበት ይገባል፤ ሌላውን ሥራ ሁሉ በራስዎ ቢሠሩም ይህን አንዱን ልምድ ላለው በያጅ ቢተዉት እመርጣለሁ። ብየዳው ሲጀመር የባትሪው ገመድ መነቀሉን፣ ሰልባትዮውም (የነዳጅ ታንከሩ) በአካባቢው አለመኖሩን ያረጋግጡ። ከሥሩ በሚገቡበት ጊዜ ሁሉ መኪናው በጠንካራ ብረት መደገፊያዎች ላይ ይቀመጥ፤ ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አልተሠራም።

ወደ ከፍታው ስንመጣ፣ ባሌስትራ የሚያነሳው ሻንሲውንና አካሉን ነው እንጂ ዲፈረንሻሉን (በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን የማርሽ ቤት) አይደለም። ድንጋይ የሚነካው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዲፈረንሻሉ ነው፤ እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማው ሲሆን፣ የሚጨምረውም የዲያሜትሩን ልዩነት ግማሽ ብቻ ነው፤ ከ29 ወደ 33 ቢሄዱ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። በአንጻሩ በባሌስትራ 10 ሴንቲ ሜትር ሲያነሱት ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ዘንበል ብሎ ክሮቼራውን (የዘንጉን መጋጠሚያ) ቶሎ ይበላል፣ የፍሬኑ የጎማ ቱቦ ይወጠራል፣ መኪናውም በጎን ተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ባለ 33 ጎማው ራሱ በአንድ ዙር የሚሄደውን መንገድ በ14 በመቶ ስለሚያስረዝም የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል እርስዎ 91 እየሄዱ ነው፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ማርሽ የዘለለ ያህል ይደክማል። እኔ ብሆን በባሌስትራ 5 ሴንቲ ሜትር አንስቼ 31 ኢንች ጎማ አስገባና የተረፈውን ገንዘብ ፍሬኑ ላይ አውለው ነበር።

ጥያቄ፦ ወንዝ ባቋረጥኩ ቁጥር የዲፈረንሻሌ ዘይት ወተት ይመስላል። ኦይል ሲሉን (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ) ሁለት ጊዜ ለውጫለሁ።

መልስ፦ ዲፈረንሻሉ ላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻ ፈልገው ያጽዱ። የጋለው ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻዋ በጭቃ ከተደፈነች በኦይል ሲሉ በኩል ውሃ ይስባል፣ ክፍት ሆና ውሃ ውስጥ ከጠለቀችም ራሷ ታስገባለች። የጎማ ቱቦ ቀጥለው ጫፉን ሞተር ክፍል ውስጥ ከፍ ካለ ቦታ ያስሩት፤ የነጣውን ዘይት ግን ሳይውል ሳያድር ይቀይሩ፤ ኩሽኔታው በውሃ አይሠራም።