ፊታችሁን ለማያይ ሰው መሥራት

ይድረስ ላፕቶፕ ከፍታችሁ ‹‹ኦንላይን ልሥራ›› ለምትሉ ልጆች፤

መጋቢት 2012 ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ስልክ ተደወለልኝ። አራቱም ‹‹ወርክሾፑ ተራዝሟል›› የሚሉ ነበሩ። የወርክሾፕ ሰው ያውቀዋል፤ ‹‹ተራዝሟል›› ማለት ‹‹ቀርቷል፣ ግን በአፋችን አንልህም›› ማለት ነው። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ወሩ በሚያልቅበት ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ የበላሁት በሆቴል አዳራሽ ጥግ ከምትቆም የአስተርጓሚ ቡዝ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው በአንዲት ጠባብ ሳጥን ተጠጋግቶ፣ በየሃያና ሠላሳ ደቂቃው ማይክ እየተቀባበለ የሚሠራበት ሥራ ነው። ለዚያ በሽታ ከእሷ የተመቸ ቦታ አልነበረም።

ሚያዝያን በቁጠባ፣ ግንቦትን በብድር ገፋሁ። ከዚያ የእህቴ ልጅ መጥቶ ‹‹ጋሼ፣ ኦንላይን የሥራ ገበያ ላይ ፕሮፋይል እንክፈትልህ›› አለኝ። ከበሩ ወዲህ ማስክ አድርጎ ተቀምጦ እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ‹‹ስለ ራስህ ጻፍ›› ሲለኝ ‹‹ታታሪ፣ ታማኝና ጊዜ አክባሪ ተርጓሚ ነኝ›› ብዬ ጻፍኩ። ሳቀብኝ። ሃያ ሰባት ቦታ አመለከትኩ፤ አንድም መልስ የለም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ታታሪ ነኝ የማይል ማን አለ? ሌባም ቢሆን ታማኝ ነኝ ብሎ ነው የሚጽፈው። ያንን ሁሉ አጥፍቼ ‹‹የጤና ሥልጠናዎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለሃያ ሁለት ዓመት አስተርጉሜያለሁ፤ የወሊድ፣ የቲቢና የወባ ቃላት ላይ እሠራለሁ›› ብዬ ሁለት መስመር ብቻ ተውኩ። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ።

ሥራው ከወደ ዋሽንግተን ነበር። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በዚያ አካባቢ ያለው ወገናችን ብዙ ስለሆነ በኮሮና ወቅት የእጅ መታጠብ፣ የምርመራ፣ ራስን የማግለል ወረቀት ሁሉ አማርኛ ይፈለግ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ በአንድ የትርጉም ድርጅት በኩል የመጣ የአራት ገጽ በራሪ ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ያለው እዚህ ነው። ወረቀቱ ‹‹ኳራንቲን›› እና ‹‹አይሶሌሽን›› የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሩት። አዲስ አበባ ሁላችንም ‹‹ለይቶ ማቆያ›› እያልን ሁለቱንም በአንድ ቃል እንጠራቸው ነበር። ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለበሽታው ተጋልጦ ይሆናል ለተባለና ገና ላልታመመ ሰው ነው፤ ሁለተኛው በሽታው ለተገኘበት። ሁለቱን በአንድ ቃል ብጽፍ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንዲት እናት የታመመ ልጇን ከጤነኛው ጋር አንድ ክፍል ልታስተኛ ትችላለች። ‹‹ሶሻል ዲስታንሲንግ›› ደግሞ ነበር። ቃል በቃል ‹‹ማኅበራዊ ርቀት›› ይሆናል፤ ከአንድ ትሪ ለሚበላ ሕዝብ ግን ይህ መኳረፍ ነው የሚመስለው። ‹‹አካላዊ ርቀት›› ይሻላል ብዬ አሰብኩ። በቡዝ ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ በቡና ዕረፍት ተናጋሪውን እጁን ይዤ እጠይቀው ነበር። አሁን ማንን ልያዝ? ስለዚህ አንድ ገጽ የጥያቄ ወረቀት አዘጋጀሁ፤ ቃሉ፣ ችግሩ፣ የእኔ ሐሳብ፣ የእናንተስ? ትርጉሙን ከማስረከቤ በፊት ላክኩት።

ሁለተኛውን ሥራ ያመጣልኝ ትርጉሙ ሳይሆን ያ የጥያቄ ወረቀት ነው። የድርጅቱ ሰው ራሱ ነግሮኛል፤ ከዚያ በፊት አማርኛ የሠሩላቸው ሁሉ ፋይሉን ልከው ዝም ያሉ ነበሩ። ልጆቼ፣ ቢሮ ውስጥ ስትሠሩ አለቃችሁ ጠዋት ሲገባ ያያችኋል፤ ሰላምታችሁን፣ ልብሳችሁን፣ ማምሸታችሁን ያያል። ‹‹እሱ ጥሩ ልጅ ነው›› የሚባለው ግማሹ ከዚህ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ደንበኛ ይህን ሁሉ አያይም። ለእሱ እናንተ ማለት የላካችሁት ፋይልና የጻፋችሁት ደብዳቤ ናችሁ።

ይህ የገባኝ ደግሞ በውርደት ነው። ሦስተኛ ሥራዬን የጻፍኩት ከድሮ ጀምሮ በለመድኩት አሮጌ የፓወር ግዕዝ ፊደል ነበር። ለእኔ ስክሪኑ ላይ አማርኛ ነው። የአማርኛ ፊደል ግን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ቦታ አለው፤ ያ የድሮው ፎንት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ከነጠላ ሰረዝና ከፈረንጅ ፊደል የተሠራ ገንፎ ይሆናል። ‹‹ፋይሉ የተበላሸ ይመስላል›› የሚል ትሁት መልእክት መጣልኝ። የሚቀይር ፕሮግራም መኖሩን አላውቅም ነበርና 1,400 ቃል ከምሽት እስከ ንጋት እንደገና ተየብኩ። ዛሬ ኒያላ ወይም ኖቶ በሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች ካልሆነ አልጽፍም፤ ከመላኬ በፊትም ፋይሉን በእህቴ ልጅ ስልክ ከፍቼ አየዋለሁ።

ስለ ገንዘብም ላንሳ፤ የእኛ ሰው ሲያፍርበት ሌላው ይበላዋል። ትርጉም በቃል ይከፈላል። የማን ቃል ግን? እንግሊዝኛው በሰባት ቃል የሚለውን ‹‹ስላልመጡላቸው›› ብለን በአንድ እንጨርሰዋለን። አንድ ጊዜ ‹‹በተተረጎመው ቃል ብዛት›› የሚል ውል ሳላነብ ተቀበልኩ። 3,000 የእንግሊዝኛ ቃል 2,100 የአማርኛ ቃል ሆኖ ወጣ። በቃል 5 የአሜሪካ ሳንቲም ነበርና 150 ዶላር ያልኩት 105 ሆነ። ከእሱም ላይ የገበያው ኮሚሽን አለ። ሠራተኛና ደንበኛ የሚያገናኘው አፕወርክ ለምሳሌ በዚያን ጊዜ ከአንድ ደንበኛ ከሚገኘው የመጀመሪያ 500 ዶላር ላይ 20 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 10,000 ድረስ 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 5 በመቶ ይወስድ ነበር። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፤ ስትገቡ የዕለቱን አንብቡ። እንደ እኔ ቢሆን ግን ዋጋችሁን የምታስቡት እጃችሁ ላይ ከሚደርሰው ተነስታችሁ ይሁን። በሦስት ዶላር ጀምሬ ስምን ልገንባ የምትሉትን አልስማማበትም። በሦስት ዶላር የመጣ ደንበኛ አራት ስትሉት ይሄዳል፤ የሚያመጣላችሁም ጓደኛ እንደ እሱ ያለውን ነው።

‹‹ፈተና›› እየተባለ የሚመጣውንም ተጠንቀቁ። አንድ ገጽ ያልሞላ ናሙና ያለ ነው። 1,500 ቃል ‹‹ለሙከራ›› ያለኝ ሰው ግን መጽሐፍ ለአሥር ሰው ቆራርሶ በነፃ ሊያስተረጉም የነበረ ነው። በቴሌግራም ‹‹በወር ይህን ያህል ዶላር ታገኛላችሁ›› ብሎ ሥልጠና ስለሚሸጠው ምን ልበል፤ እሱ ራሱ የሚኖረው በእናንተ ብር ነው።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ጠዋት ስነሣ ኢንተርኔት የለም። የሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል ያስከተለውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ሐዘንና ደም መሐል የእኔ ሥራ ኢምንት ነው። ቢሆንም ልንገራችሁ፤ በሁለት ቀን የማስረክበው ሥራ እጄ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ መስመሩ ሲመለስ ሦስት ደብዳቤ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ‹‹እንዴት እየሄደ ነው?›› ይላል። ሁለተኛው ‹‹ደህና ነህ?›› ይላል። ሦስተኛው ሥራው ለሌላ መሰጠቱን ይነግረኛል። ስልክ እኮ ይሠራ ነበር! የደንበኛው ስልክ ቁጥር ግን ያለው ኢሜይል ውስጥ ብቻ ነው፤ ኢሜይሉ ደግሞ አይከፈትም። አሁን የደንበኞቼ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ሁለት ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ሌላው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለች ታናሽ እህቴ ማቀዝቀዣ ላይ። እኔ ዝም ካልኩ እሷ ትደውልላቸዋለች። መብራት የሚሄድበት ሰፈር እንደምኖርም አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ‹‹ይህን ስነግራቸው ይሸሹኛል›› ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እስካሁን የሸሸ የለም።

ስለ ሰዓት ትንሽ። ‹‹5 ፒኤም›› የሚል ቀጠሮ መጣልኝና በእኛ 11 ሰዓት ነው ብዬ ስሮጥ በስህተት የተሞላ ሥራ ላክኩ። የዋሽንግተን 5 ፒኤም በበጋቸው ለእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፤ ሰባት ሰዓት ሙሉ በእጄ ነበር። በተቃራኒው ተሳስታችሁ የዘገያችሁ እንደሆነ ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

በውጭ ዘመድ ስም አካውንት የምትከፍቱ አላችሁ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ፔይፓል እዚህ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አልሆነንም፣ ባንኩም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ የማውቀው ጎበዝ ዲዛይነር ልጅ ዳላስ ባለ አጎቱ ልጅ ስም ሁለት ዓመት ሠራ። አንድ ቀን ‹‹ፊትህን በቪዲዮ አሳየን›› ተባለ። ፊቱ የአጎቱ ልጅ ፊት አይደለም። 600 ዶላሩም፣ ደንበኞቹ በሁለት ዓመት የጻፉለት ምስክርነትም እዚያው ቀረ። ዶላሩን ረስቶታል፤ ምስክርነቱን ግን እስካሁን ያነሣዋል፤ እነዚያን ሁሉ ሥራዎች የሠራው በሕግ ፊት ሌላ ሰው ነው።

ቤት ውሎ መሥራት ሌላ ጣጣ አለው። ፊታችሁን የማያይ ደንበኛ አላችሁ፣ ፊታችሁን ቀኑን ሙሉ የሚያይ ሰፈር አላችሁ። ሌሊት ስሠራ አድሬ ጠዋት በረንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ ያዩኝ የዕድራችን ሰዎች ‹‹ያው ቤት ነህና›› ብለው የድንኳንና የወንበር ተረካቢ አደረጉኝ። ሥራ ላይ ነኝ ብል ማን ያምናል? ባለቤቴ እንኳ ለማመን የመጀመሪያውን ክፍያ ማየት ነበረባት። እስካሁን ተረካቢ ነኝ።

አሁን የምትጀምሩት ከእኔ በከፋ ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። ጉግል ትርጉም አማርኛን ከጨመረ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ያ የአራት ገጽ ወረቀት ዛሬ ቢሆን ማሽን ተርጉሞት ‹‹አርምልን›› ተብሎ በግማሽ ዋጋ ይመጣልኝ ነበር። ይመጣልኛልም። እቀበላለሁ፤ ግን በቃል ሳይሆን በሰዓት አስከፍላለሁ፤ የማሽን አማርኛ ማረም አንዳንዴ ከመተርጎም ይረዝማልና። ባለፈው የመጣው ሁለቱንም ቃላት ‹‹ለይቶ ማቆያ›› ብሏቸው ነበር። የጥያቄ ወረቀቴን ከድሮው ፎልደር አውጥቼ ላክኩላቸው።

የመጀመሪያዋን በራሪ ወረቀት እህቴ እዚያው ከአንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ተለጥፋ አግኝታ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። ሠርታ ያቀናበረቻት ዲዛይነር ፊደላችንን አታነብም፤ እኔም ከመታተሙ በፊት ፒዲኤፉን አሳዩኝ ማለትን ገና አላወቅሁም። ከታች፣ በትልቁ፣ ‹‹እጅዎን በሳሙና ይታጠ›› ይላል። ‹‹ቡ›› ከገጹ ውጭ ቀርታለች።