በአውሮፕላን አትመለሱ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ስጠጣ የድሮ ተማሪዬ መጣችና ሰላም አለችኝ። ኬንያ፣ ሞምባሳ የባህር ባዮሎጂ ኢንተርንሺፕ አግኝታለች፣ ስድስት ወር። «የመመለሻ ትኬቴንም ቆርጫለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። የሰው ደስታ ማደፍረስ አይሆንልኝም፤ ዝም አልኩ። ቤት ስገባ ግን ቆጨኝ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምትሄዱትም ይኸው።

እኔ እዚያው ሞምባሳ የሠራሁት በ1991 ዓ.ም. ነው። ዋና የተማርኩት ጊዮን ሆቴል ገንዳ ነው። ባህር በቀን ሁለቴ እንደሚሞላና እንደሚጎድል በመጽሐፍ አውቃለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ጫማዬን አሸዋው ላይ አውልቄ ገባሁ። ስወጣ ጫማውም የለ፣ አሸዋውም የለ። እዚያ ውሃው ከሦስት ሜትር በላይ ከፍ የሚልበት ቀን አለ። ጀልባ ነጂያችን ስቆ ስቆ ሲበቃው በረባሶ ገዛልኝ።

ሥራችን ኮራል መቁጠር ነበር፤ ባህር ሥር ድንጋይ መስሎ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። ሜትር ዘርግተን ከሥሩ ሕያው የሆነውንና የሞተውን በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ እንመዘግባለን። (እስክሪብቶ ይዛችሁ እንዳትገቡ።) በ1990 ዓ.ም. የህንድ ውቅያኖስ ከልክ በላይ ሞቆ ነበር። ኮራል ሲሞቀው ምግብ የሚሠሩለትን፣ ሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ያባርርና ይነጣል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደለት ይሞታል። ከቆጠርኩት ብዙው የሞተ ነበር።

ከሞምባሳ በስተሰሜን ወዳለችው የባህር ዳር ከተማ ማሊንዲ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ኮራሉ ላይ የቡና አተላ የመሰለ ደለል ተኝቷል። በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ጭስ ቦለል አለ። ከየት መጣ ስል «ከሳባኪ ወንዝ» አሉኝ። ጻፍኩት። ረሳሁት።

ሚያዝያ ላይ ጨረስኩ። ለአውሮፕላን የሚሆን ብር አልነበረኝም፤ ብልህ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። በአውቶቡስ ወደ ናይሮቢ ጉዞ፣ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዝናቡ ይወርዳል። ናይሮቢ ልንደርስ ስንል አቲ ወንዝ ድልድይ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ውሃው የቀይ አፈር ሊጥ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ማቻኮስ ኮረብታ ላይ እርሻ አላቸው። በመስኮቱ እያሳዩኝ «የእኛ ማሳ እየሄደ ነው» አሉኝ። ወዴት? «ወደ ባህር ነዋ! ታች ጋላና ይሉታል፣ ማሊንዲ ሲደርስ ሳባኪ።»

ጣቴን አየሁት። ያ የነካሁት ጭስ የእኚህ ሴትዮ የበቆሎ ማሳ ነበር።

እኛም አገር «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱን አይተን ተረት አወጣንለት። አፈሩን ግን ማን ልብ አለው?

ከናይሮቢ በስተሰሜን ካለችው ከኢሲዮሎ ከተማ ወዲህ ያለው መንገድ ያኔ ፒስታ ነበር፤ ሽፍታም ነበረበት። ከብት አራግፎ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ፣ በታጣቂ ታጅበን ሞያሌ ደረስን። ሽታው ለሳምንት አልለቀቀኝም። አሁን አስፋልት ነው፣ እናንተ ታድላችኋል። ሞያሌን ስትሻገሩ መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይዞራል፤ ያኔ አገር መግባታችሁን ታውቃላችሁ። ሐዋሳ ላይ ወርጄ፣ በረባሶዬን እንዳደረግኩ፣ አሞራ ገደል ቆሮሶ ጥብስ በላሁ። እየበላሁ ሐይቁን ሳይሆን ሐይቁ ዙሪያ ያለውን ኮረብታ ነበር የማየው።

ስለዚህ ከልምምዱ በኋላ አራት አምስት ቀን ለመንገድ አስተርፉ። ሪፖርቱን እዚያው ጨርሱት፤ «አዲስ አበባ ገብቼ እጽፈዋለሁ» ያለ ሰው ሲጽፍ አላየሁም። የመረጃችሁን ቅጂ ለተቀበሏችሁ ሰዎች ተዉላቸው። የጀልባውን ሰው ሳትሰናበቱ እንዳትወጡ። ስለ መንገዱ ሰላም ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ደህና አይደለም ካሉ ይቅርባችሁ። በቀን ብቻ ተጓዙ። መስኮት ዳር ተቀመጡ፣ ስልካችሁንም ኪሳችሁ ክተቱት።

ትናንት ከአራት ኪሎ ወረድ ብዬ ግንፍሌ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ዘንቦ ስለነበር ውሃው ያንኑ የአቲን መልክ ይዟል። ቀበና ይገባል፣ ከዚያ አቃቂ፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ባህር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ያቺ ልጅ ስትመለስ እዚህ አምጥቼ አቆማታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ልጄ፣ ይህን ካነበብሽ የትኬቱ ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ ጠይቂ።