ተቀባይ የሌለው ዜማ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ሲሆን የሰፈራችን ወጣቶች ያቋቋሙት የኪነት ቡድን አባል ነኝ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ወደ አገራችን ለመጡ ሰዎች የሙዚቃ ዝግጅት ለማቅረብ አስበናል፤ ቋንቋቸውን ግን አንችልም። ለመሆኑ ዘፈን ድንበር የለያቸውን ሰዎች በእርግጥ ያቀራርባል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያቀራርባል፤ ነገር ግን ለሰው መዝፈንና ከሰው ጋር መዝፈን የተለያዩ ናቸው። ይህን የወሎ ሰው ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውን ምስል ዓለም ከተመለከተ በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ ስታዲየሞች ስመ ጥር ድምፃውያን ለእኛ ዘፈኑ። የተሰበሰበው ገንዘብ ሕይወት አትርፏልና ውለታው አይካድም። ሆኖም አምባሰልንና ባቲን የሚያህሉ ቅኝቶች በስሙ የሚጠሩለት ሕዝብ፣ በዚያ መድረክ የታወቀው በተራበ ፊቱ እንጂ በዜማው አልነበረም። እኔን ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

መንዙማችንን አስተውሉት። አውራጁ ስንኙን ያወርዳል፣ ድቤው ይመታል፣ ጀማው ደግሞ እያጨበጨበ ይቀበላል፤ ዐረብኛውና አማርኛው በአንድ ዜማ ስለሚፈስ፣ ዐረብኛ የማያውቅ እንግዳ እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰማ በኋላ አዝማቹን ከሰው ጋር ሲመልስ ይገኛል። የመቀበያ ቦታ ስለተተወለት ባዕድነቱ ይቀራል።

ከሱዳኖች ጋር ደግሞ መንገዱ ግማሽ ተሄዶለታል። የእነሱም ሙዚቃ በአብዛኛው እንደ እኛው በአምስት ድምፆች የተዋቀረ በመሆኑ፣ ሱዳናዊውን ድምፃዊ መሐመድ ወርዲን ቃሉ ያልገባው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ወዶ ሰምቶታል። እኔም በአንድ ሠርግ ላይ ክራር መቺው ትዝታን ሲጀምር አንድ ሱዳናዊ እንግዳ ዓይኑን ጨፍኖ በራሱ ቋንቋ ሲያንጎራጉር፣ ክራር መቺውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲከተለው አይቻለሁ።

ስለዚህ ዝግጅቱን ጨርሳችሁ አትጥሯቸው፤ ከልምምዱ ጀምሮ ጥሯቸው። የሚናፍቃቸውን ዘፈን ጠይቁ፣ አዝማቹን እነሱ ያስተምሯችሁ፣ የእናንተንም አዝማች እነሱ ይቀበሉ። ቡና በጀበና እነሱም ያፈላሉና፣ አንድ ቀን ዝንጅብል የገባበትን የራሳቸውን ያፍሉላችሁ። በማስታወቂያውም ላይ «ለስደተኞች የተዘጋጀ» ከማለት ይልቅ የእነሱን ዘፋኞች ስም ከእናንተው ስም ጋር በአንድ ረድፍ ጻፉ።