ገንዘቡን ከማስገባትህ በፊት ሃንጋሩን እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ሁለት የበረራ ትምህርት ቤት ለይተሃል። አንዱ ሙሉውን በአንዴ ከከፈልክ 15 በመቶ እቀንስልሃለሁ ብሎሃል፤ ሌላው ወደድ ይላል፣ የሚያስከፍለው ግን በበረርክ ቁጥር ነው። «ወደ ኤርላይን መግባት ነው ሐሳቤ፣ የቱ ይሻለኛል?» ነው ያልከው። ባጭሩ ሁለተኛው። ዋጋቸው ግን አይደለም ዋናው ጉዳይ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው። እኔ እንደ መጀመሪያው ያለውን መርጬ ነው የተማርኩት።

የገባሁበት ትምህርት ቤት በራሪ ወረቀቱ ላይ ስድስት ሴስና 172 (ትንሽ የማሰልጠኛ አውሮፕላን) ተደርድረው ይታያሉ። ከከፈልኩ በኋላ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያው) ስገባ አንዱ ሞተሩ ወርዶ አፍንጫው በሸራ ተሸፍኗል። ሁለተኛው የፊት ጎማ የለውም። ሦስተኛው አቧራ ጠጥቶ አንዱ ተማሪ ክንፉ ላይ በጣቱ «እጠቡኝ» ብሎ ጽፎበታል። የሚበሩት ሦስት ነበሩ፣ ተማሪው ከአርባ በላይ። የማሰልጠኛ አውሮፕላን በባሕርዩ ጥገና ይበዛበታል፤ ብዙውን ጊዜ በየ50ውና በየ100 ሰዓቱ ለምርመራ ይቆማል፣ መቆሙ ጤነኛ ነገር ነው። ችግሩ እሱ ሲቆም የሚተካው ሲጠፋ ነው። ስለዚህ «ስንት አውሮፕላን አላችሁ?» ብለህ አትጠይቅ። «ዛሬ ጠዋት ስንቱ በረረ?» በል።

በሳምንት ሁለቴ ከበረርኩ እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረው ነበር። በረራ ደግሞ በእጅ የሚለመድ ነገር ነው። ማረፍ ተለማምደህ አስር ቀን ከቆየህ፣ ስትመለስ የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት የረሳኸውን ለማስታወስ ትሄዳለች፤ እሷንም ከፍለህባታል። እኔ ሶሎ (ያለ አሰልጣኝ ብቻዬን) የወጣሁት 31ኛው ሰዓቴ ላይ ነው። በዚያው ወር ሌላ ቦታ የጀመረ ጓደኛዬ 16ኛው ላይ ወጣ። ከእኔ የተሻለ እጅ ስላለው አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ይሻለኛል)፣ በሳምንት አምስት ቀን ስለሚበር ነው። እስቲ አስላው፦ ኢካኦ (ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) ለኮሜርሻል ፈቃድ፣ ማለትም እየተከፈለህ ለመብረር፣ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 200 ሰዓት ነው፣ በተፈቀደ ተከታታይ ኮርስ ከሆነ 150። 200ውን በሳምንት 8 ሰዓት ብትበር 25 ሳምንት ይፈጃል። በሳምንት 3 ሰዓት ከሆነ ከ66 ሳምንት በላይ። የቤት ኪራይህና ቀለብህ ደግሞ አንተን አይጠብቁም። 15 በመቶው እዚያ ላይ ያልቃል።

ቅድሚያ ክፍያ ላይ ልምጣ። የበረራ ትምህርት ቤት ይከስራል፤ ነዳጅ ሲወደድ፣ ኢንሹራንስ ሲጨምር፣ አንድ ሁለት አውሮፕላን ሲበላሽ። የከሰረ ዕለት አንተ ደረሰኝህን ይዘህ ካበደራቸው ባንክ ኋላ ትሰለፋለህ፣ ተራው ሲደርስህ ሣጥኑ ባዶ ነው። የኔው አልከሰረም፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ «የነዳጅ ልዩነት» የሚል ተጨማሪ ሂሳብ መጣ። ውሉን ሳገላብጥ ለካስ ፈርሜበታለሁ። አምስት አምስት ሰዓት፣ ቢበዛ አስር አስር ሰዓት እየከፈልክ ሂድ። ብታቋርጥ ቀሪው በስንት ቀን እንደሚመለስ በጽሑፍ ይኑርህ።

ሂሳቡ የሚቆጠርበትንም ጠይቅ። ሆብስ የሚባለው ቆጣሪ በብዙ አውሮፕላን ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፣ አንዷ ነጥብ (0.1 ሰዓት) 6 ደቂቃ ናት። ትልልቅ አውሮፕላን የሚበዛበት ኤርፖርት ከሆነ ለመነሳት ወረፋ ይዘህ 20 ደቂቃ ትቆማለህ። በ150 በረራ 50 ሰዓት ማለት ነው። ሎግቡክህ (የበረራ ሰዓት መዝገብህ) ላይ ይጻፍልሃል፣ አልካድኩም፤ ግን መሬት ላይ ቆመህ የሰው አውሮፕላን ጭራ እያየህ የሞላኸው ሰዓት ነው። በሌላ በኩል የተጨናነቀ ኤርፖርት ሬዲዮ ያስተምርሃል፣ ጭር ባለ ሜዳ ያደገ ተማሪ ከታወሩ (ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው) ጋር ሲያወራ ይንተባተባል። እኔ መሀል ላይ ያለውን ነው የምመርጠው።

ኢንስትራክተር። አብዛኞቹ ሰዓት እየሞሉ ኤርላይን የሚጠብቁ ወጣቶች ናቸው፤ ይሄ ነውር አይደለም። እኔ ላይ ግን አራት ተፈራረቁ። አንዱ ለማረፍ ስንወርድ «አሁን መሪውን ሳብ!» ሲል፣ ቀጣዩ በዚያው ከፍታ «ቆይ፣ አትንካው፣ ራሱ ይስጥም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እኔ ግን እጄ ግራ ተጋባ። ሲቀየሩብህ የሥልጠና መዝገብህ በደንብ የተጻፈ መሆኑን፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሥርዓት የሚያስተምሩ መሆናቸውን እይ። ይሄን የሚነግሩህ ተማሪዎቹ ናቸው። ቢሮ ያለችው ልጅ ሥራዋ መሸጥ ነው።

አንተ ጥያቄህ ላይ ያላነሳኸው፦ የት አገር ነው የምትሠራው? የምትይዘው ፈቃድ የዚያ አገር ቢሆን ይሻላል። የአሜሪካ ፈቃድ ይዘህ ወደ አውሮፓ ብትሻገር የአየር መንገድ አብራሪዎቹን 13 የጽሑፍ ፈተና፣ እያንዳንዱን በ75 በመቶ፣ ማለፍ ይጠብቅሃል። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለኤርላይን ረዳት አብራሪነት በጥቅሉ 1500 ሰዓት ይጠይቃሉ፣ አውሮፓ ከ200 በጥቂት ከፍ ባለ ሰዓት የሚቀጠር አለ። ርካሽ የመሰለህ ትምህርት ቤት ፈቃድ ለማስቀየር ስታወጣ ውድ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ክላስ ዋን ሕክምና (የሙያ አብራሪዎች የጤና ምርመራ) ተመርመር። መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፤ ቀለም መለየት ላይ ግን ችግር እንዳለበት ሳያውቀው የሚወድቅ አለ። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ 60 ሰዓት በርሮ ነው ያወቀው። ትምህርት ቤቱ አልጠየቀውም፣ እሱም አላሰበውም።

«ከተመረቅክ ሥራ እናስገባሃለን» ያሉህን እርሳው። ከኤርላይን ጋር የተፈረመ ወረቀት ካላቸው ያሳዩህ፣ ከሌላቸው ወሬ ነው። ሲሙሌተራቸው (መሬት ላይ በረራ የሚያስመስለው መሣሪያ) አዲስ ነው ያልከው ጥሩ ነው፣ ለኢንስትሩመንት (ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የመብረር) ሥልጠና ገንዘብ ይቆጥብልሃል፤ ግን ለመምረጫ አይበቃም።

አሁን ማድረግ ያለብህ በሥራ ቀን፣ ቀጠሮ ሳትይዝ፣ ጠዋት መሄድ ነው። የቀኑ በረራ የሚጻፍበት ሰሌዳ ፊት ቁም፤ ስንቱ እንደተሰረዘና ለምን እንደተሰረዘ አንብብ። የአየር ሁኔታ ከሆነ እሺ። «አውሮፕላን የለም» የሚል ከበዛ ሻይህን ጠጥተህ ውጣ። ከዚያ የሁለቱንም የውል ገጽ ስማቸውን ሸፍነህ እዚሁ ለጥፈው፣ የገንዘብ መመለሻ አንቀጹን አብረን እናነበዋለን።