ባህር አይቶ ለማያውቅ ሾፌር፦ መኪና በፌሪ ጭኖ ወደ ደሴት ስለመሻገር

ወንድማችን የጠየቀው ይህን ነው። ሳውዲ፣ ጂዛን ላይ የሹፍርና ሥራ አግኝቷል። አሠሪው የግንባታ ዕቃ ወደ ፈረሳን ደሴት ያመላልሳል። እሱ ግን ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ድሬዳዋ አድጎ፣ ባህር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። መኪናው መርከቡ ላይ እንዴት ይወጣል? ሲናወጥ እንዴት ይቆማል? ሾፌሩስ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚሻገረው? ከሥር የመለሱለት ልጆች ደግሞ «ምንም የለውም፣ እንደ መንገድ ነው» ብለውታል።

አቦ፣ እንደ መንገድ አይደለም። እዚያው መስመር ላይ 6 ዓመት ዲና ነድቻለሁ። ዲና የሚሉት የኛን ትንሹን አይሱዙ የሚያክለውን የጭነት ቶዮታ ነው። ስለዚህ የደረሰብኝንም፣ ከሌሎች ያየሁትንም ልንገርህ፤ ረዘም ቢል ታገሰኝ።

መጀመሪያ ሁለቱን ለይ። ፈረሳን ከጂዛን ወደብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ባህር ውስጥ ነው። ሰውና የቤት መኪና የሚያሻግረው ትልቁ ፌሪ የመንግሥት ነው፤ በነጻ ይጭናል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለመኪና ቦታ የሚያዘው ግን አስቀድሞ ነው፣ በዓልና የዕረፍት ቀን ሲሆን ደግሞ ቶሎ ይሞላል። አንተን የሚመለከትህ የጭነቱ ነው። ዓረቦቹ ሁለቱንም «ዓባራ» ስለሚሉ አትደናገር። እኔ የተሻገርኩባቸው የጭነት ጀልባዎች ሆዳቸው ጠፍጣፋ፣ ጀርባቸው ክፍት ሜዳ የሆነ፣ ፊታቸው እንደ ሳንቃ በር ወደ መሬት የሚዘረጋ ነበሩ። ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ እንዲጠጉ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ደሴቶች ደህና ወደብ የላቸውምና። ጉዳቱ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆድ ማዕበል አይቆርጥም፤ ይጋጫል። ያ ግጭት ቀጥታ ወደ መኪናህ ባሊስትራ፣ ማለትም ጭነቱን ወደሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ ይመጣል።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ ኢቃማህ (የመኖሪያ ፈቃድህ)፣ የመኪናው ኢስቲማራ (ሊብሬው)፣ ከዚያ ደግሞ ተፍዊድ፣ ማለትም ባለቤቱ በስምህ መንዳት የፈቀደበት። ተፍዊዱ ቀኑ አልፎበት ወደብ በር ላይ ፀሐይ ሲያቃጥለው የዋለ ሰው አይቻለሁ። ቀኑን ራስህ ተከታተል፤ አሠሪው ይረሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሁሉ በላይ የምለምንህ አንድ ነገር የጭነትህን ክብደት እውነቱን እንድትናገር ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ 100 ከረጢት ሲሚንቶ ጫንን። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፣ በድምሩ 5 ቶን መሆኑን ልጅም ያሰላዋል። የሚያሠራኝ ሰው «ሲጠይቁህ 3 ቶን በል፣ ክፍያው ይቀንሳል» አለኝ። አልኩ። የጀልባው ኃላፊ 3 ቶን ነው ብሎ በቀኝ ጠርዝ በኩል አቆመኝ። ከግራዬ ቀለል ያሉ መኪኖች ቆሙ። ገና ገመዱ ሳይፈታ ጀልባው ወደ ቀኝ አዘነበለ። ትንሽ ነበር፣ ግን መሬት ላይ የተቀመጠ የውሃ ጠርሙስ ሲንከባለል አየሁት። ኃላፊው ወርዶ ጎማዬን አየና ምንም አልተናገረኝም፤ ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ። ወረድን። 50 ከረጢት በጂዛን ፀሐይ በሁለት ሰው ጀርባ አራገፍን። በቆጠብነው ገንዘብ የጉልበቱን ግማሽ እንኳ መክፈል አይቻልም ነበር። ያን ቀን ያልተረጋጋው ሆዴ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል፤ ምክንያቱም ኃላፊው ባያይ ኖሮ እንዲሁ ነበር የምንወጣው።

መንገድ ላይ ትርፍ ጭነት የሚጎዳው መኪናህን ነው፣ ፍሬንህን ነው። ጀልባ ላይ ግን እያንዳንዱ መኪና የሚቆምበት ቦታ የሚወሰነው በተናገርከው ቁጥር ነው። ከባዱ መሃል፣ ቀላሉ ዳር፣ ግራና ቀኝ ተመዛዝኖ። ቁጥሩ ውሸት ከሆነ ሒሳቡ ሁሉ ውሸት ነው፤ ያ ሒሳብ ደግሞ የሌላውንም ሾፌር ነፍስ ይዟል።

ቦቴ የሚነዳ ጓደኛ ካለህ ይህን አስተላልፍለት፦ የውሃ ቦቴ ወይ ሙሉ ይሁን ወይ ባዶ። ግማሽ የሞላ ቦቴ ይዞ የደንገጎን ቁልቁለት የወረደ ሾፌር የምለው ይገባዋል። ኩርባው ላይ አንተ መሪውን መልሰሃል፣ ውሃው ግን ገና ወደ ውጭ እየሄደ ነው፣ ይገፋሃል። ባህር ላይ ያ ኩርባ አያልቅም፤ በግራ ይመጣል፣ በቀኝ ይመጣል።

የመኪና ፌሪዎች አደጋም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነገር ይነሳል። የመኪናው ወለል ከዳር እስከ ዳር ክፍት ሜዳ ነው፣ ውሃ ከገባበት የሚገታው ግድግዳ የለም። እ.ኤ.አ በ1987 ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ፌሪ የፊት በሩ ሳይዘጋ ከቤልጂየም ወደብ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠ፤ 193 ሰው ሞተ። በኛው ቀይ ባህር ደግሞ እ.ኤ.አ በየካቲት 2006 ከሳውዲዋ ዱባ ወደ ግብፅ ሳፋጋ የሚሄደው አል ሰላም 98 የመኪና ወለሉ ላይ እሳት ተነሳ። እሳቱን ለማጥፋት የረጩት ውሃ መውጫ አጥቶ እዚያው ተጠራቀመ፣ መርከቡን ያጋደለው እሱ ነው። ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። መርከበኛው «ጋቢና ውስጥ አትቀመጥ፣ ውጣ» ሲልህ ለምን እንደሆነ እንድታውቅ ነው። በተሸፈነ የመኪና ወለል ላይ መቆየት ክልክል ነው። ክፍት በሆነውም ቢሆን ጋቢና ውስጥ አትተኛ። በር ከጎንህ ባለ መኪና ከተዘጋብህ መውጫ የለህም። ውጣ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያው የት እንደተሰቀለ እይ፣ ነፋስ ያለበት ጥግ ቁም።

ወደ መውጣቱ ልመለስ። ፊቱ ብቻ በሚከፈት ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ የምትገባው በኋላ ማርሽ ነው፣ ደሴቱ ላይ ፊት ለፊት እንድትወርድ። ብረቱ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ዘይትም አለበት። ማርሹን ታች ላይ አስገብተህ ቀስ በል እንጂ መሃል ላይ ፍሪሲዮን እየረገጥክ አትቁም። ሞተሩ መወጣጫው ላይ ቢጠፋብህ ፍሬኑ ሁለቴ ከረገጥከው በኋላ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ስለዚህ በደንብ ሳይሞቅ አትነሳ። ምልክት የሚሰጥህን አንድ ሰው ብቻ እይ። አምስት ሰው በአምስት ቋንቋ ይጮኻል፤ አንተ ያንን አንዱን ብቻ። ካላየኸው ቁም።

የባህሩም ከፍታ ይለዋወጣል። ውሃው ሲሸሽ ጀልባው ዝቅ ይላል፣ መወጣጫውም ዳገት ወይ ቁልቁለት ይሆናል። ጭራው ረጅም የሆነ መኪና ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ይገጫል። አንድ ጓደኛዬ ጠዋት በሰላም የወጣበት መወጣጫ ላይ ከሰዓት የኋላ ታርጋውን ከነብረቱ ጥሎታል። ጣውላ ያዝ፤ ሁለት ወፍራም ጣውላ ከጎማ ሥር ሲገባ ማዕዘኑን ይሰብረዋል።

ከቆምክ በኋላ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ለአራቱም ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ አስገባ። ታኮው የራስህ ይሁን፣ የነሱ ሁልጊዜ ይጎድላል። አባቴ ሸመንደፈር፣ ማለትም ምድር ባቡር ይሠራ ነበር። ልጅ ሆኜ ለገሃር ሄጄ መኪና በጠፍጣፋ ፉርጎ ላይ ሲጫን ሳይ፣ ታኮውን በመዶሻ መትተው ሲያበቁ በእግራቸው መልሰው ይረግጡት ነበር። ታኮ የሚላላው መጀመሪያ ሲናወጥ ነው። ጀልባው ከወደብ ወጥቶ ትንሽ እንደሄደ መርከበኛውን አስፈቅደህ ተመልሰህ እይ። ይህን ባለማድረጌ ሃይሉክስ እየነዳሁ በሄድኩበት ቀን አንድ ስንዝር ያህል ተንሸራትቶ የፊተኛውን መኪና መብራት ሰበረ። ከደሞዜ ነው የተቆረጠው።

ማሰሪያው በሻንሲ ወይም በአክሰል ላይ ይሁን። ፓራውልት (መከላከያው) ላይ ያሰረ ሰው ፓራውልቱን ብቻ ይዞ ይደርሳል። በማጥበቂያ የሚወጠር ሰፊ ቀበቶ አራት ያስፈልግሃል። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ወደ አራት ማዕዘን የሚጎትቱ። ባሊስትራው ትንሽ ተጭኖ እስኪወርድ አጥብቀው፤ ካለዚያ መኪናው ሲዘል ገመዱ ይላላል፣ ሲወርድ ይመነጭቀዋል። ዕቃውንም ለብቻ እሰር፤ መኪናው ቆሞ ሲሚንቶው የሚሄድበት ጊዜ አለ። የነዳጅ ታንከርህን ጢም አታድርግ። የማንቂያ ደወል ካለው አጥፋ፤ ሲናወጥ ሙሉ መንገድ ይጮሃል፣ ስትደርስ ባትሪህ ሞቷል።

ስለ ነፋስ፦ በዚያ የቀይ ባህር ክፍል በክረምት፣ ከሰኔ ጀምሮ፣ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ በበጋው ወራት ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ። አሠሪህ «ዛሬ ነው መድረስ ያለበት» ቢልህም፣ የጀልባው ሰው አልወጣም ካለ አትከራከረው። ወደፊት ሥራህ ጅቡቲ ሆኖ ወደ ታጁራ ወይም ኦቦክ በፌሪ ብትሻገርም ያው ነው። እዚያም በክረምት ከምሲን የሚሉት ኃይለኛ ሞቃት ነፋስ አለ፣ የውሃው መውጣትና መውረድም ከጂዛን ይበልጣል።

ሁሉም የሚረሳው ከተሻገሩ በኋላ ያለውን ነው። ጨው። ፌሪ ላይ የተረጨብህ ውሃ ይደርቃል፣ ነጭ ዱቄት ሆኖ ሻንሲው ውስጥ ይቀራል፣ ሌሊት እርጥበት ሲመጣ እንደገና ሥራውን ይጀምራል። ሁለተኛው ዓመቴ ላይ ከላይ እያጠብኩ ከሥሩን ትቼው ነበር፤ መኪናው ያብረቀርቃል። አንድ ቀን የጂዛን ገበያ መግቢያ ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። የኋላው የፍሬን ዘይት ቱቦ ዝጎ ተበስቷል። በማርሽና በእጅ ፍሬን አወረድኩት፤ ከፊቴ ሕፃናት መንገድ ሲያቋርጡ ነበር። አላህ አተረፈን። ከዚያ በኋላ ከደሴት በተመለስኩ ቁጥር፣ በዚያው ቀን፣ ከሥር ጨው በሌለው ውሃ አጥባለሁ። የፍሬን ቱቦ፣ የባሊስትራ መሃል፣ የጎማ ውስጥ፣ የባትሪ ጫፍ። ሲደርቅ ቱቦዎቹን ግሪስ እቀባለሁ። ለማጠቢያ የሚወጣው ገንዘብ ከአሠሪው እንዲሆን ሥራ ስትጀምር ተነጋገር፤ በኋላ ስትጠይቅ ያስከፋል።

የጅቡቲ መስመር የምትሠሩ ወንድሞች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ጨው ጭነን ስንመለስ ሻንሲያችን ውስጥ የሚቀረው ያው ነው፤ ድሬ ደርቆ ስለሚቆይ አይታየንም እንጂ።

የበረራህ ቀን ገና ከሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሳቢያን ላቫጆው ጋ ና፤ አይሱዙዬን አስነስቼ እጠብቅሃለሁ። ከሥር ገብተህ ቀበቶው የት እንደሚያዝ፣ ቱቦው የት እንደሚበሰብስ በእጅህ ትነካዋለህ። አሮጌ ልብስ ልበስ።